ለማሲ ፈርጉሰኑ የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?

ደብዳቤው የመጣው ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ሲሆን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶ መካኒክ ተምሮ ደረጃ ሦስትን ጨርሷል። በአጎቱ ግቢ ከዐሥር ዓመት በላይ የቆሙ ሁለት ትራክተሮች አሉ፤ አንዱ ማሲ ፈርጉሰን 135፣ ሌላው ቤላሩስ። «አድሼ ላርስባቸው እፈልጋለሁ» ይላል። «በእጄ 18,000 ብር አለ። ለጀማሪ የሚሆኑ መጻሕፍት የትኞቹ ናቸው? ጋራዥ የሚሠሩ ጓደኞቼ፣ መካኒክ በመጽሐፍ አይሠራም፣ ገንዘብህን አታባክን ይሉኛል። አባቴ ትራክተሮቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጠው እኔ ወረዳ ቢሮ እንድቀጠር ይፈልጋሉ። አጎቴ ትርፉን እኩል እንካፈላለን ብለውኛል። ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ ልሥራ?»

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የቆምኩት የጓደኞችህ ቃል ላይ ነው። መካኒክ በመጽሐፍ አይሠራም የሚለውን አባባል ከወጣትነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ዛሬም ስሰማው ያንገበግበኛል። ስለዚህ የመልሴ ትልቁ ክፍል እሱ ላይ ይሆናል።

ወደዚህ የምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት በአንድ የእርሻ ድርጅት የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ጣል ጣል ማለት በጀመረበት ሰሞን፣ መካኒካችን የማሲ 35 የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከብቡትን ቀለበቶች፣ እንዳዝዝለት ጠየቀኝ። ስሙን ጽፌ አዘዝኩ። ካታሎጉ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አልገለጥኩትም። ፋሻው ሲመጣ ለሦስት ሲሊንደር የተዘጋጀ ሆነ፤ የእኛ ሞተር ግን አራት ሲሊንደር ነበረው። ማሲ ፈርጉሰን 35 የሚባለው ትራክተር መጀመሪያ ላይ በናፍጣ የሚሠራ ባለ አራት ሲሊንደር የስታንዳርድ ሞተር ይገጠምለት ነበር፤ በኋላ በባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ተተካ። ስሙ አንድ፣ ሞተሩ ሁለት። ይህ በካታሎጉ መጀመሪያ ገጾች ላይ ተጽፎ ነበር። ትክክለኛው ፋሻ እስኪመጣ ትራክተሩ የእርሻውን ወቅት በሙሉ ቆመ። ጥፋቱ የመካኒኩ ሳይሆን የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ካታሎግ ሳልገልጥ አንድ ዳዶ እንኳ አዝዤ አላውቅም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልግባ። «የድሮ ትራክተር እድሳት» ተብለው ከሚሸጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ ለአንተ የተጻፉ አይደሉም። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ትራክተር ማደስ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ፍቅር ነው፤ መጻሕፍቱም ስለ ትክክለኛው የቀለም ዓይነት፣ ስለ ኮፈኑ ምልክት፣ ስለ ኤግዚቢሽን ይተርካሉ። ፎቶግራፋቸው ያማረ ነው። አንተ ግን ትራክተሩ ጠዋት ተነሥቶ ማረሻ እንዲጎትት ነው የምትፈልገው። መጽሐፉን ስታገኝ ሥዕሉን ተወውና የመሃል ገጾቹን ግለጥ። በቁጥር የተጻፈ ልክ ካላገኘህበት ለሌላ ሰው ተወው።

የምትፈልገው ከፋብሪካው የወጡ ሦስት ዓይነት መጻሕፍትን ነው፤ ብዙ ጀማሪ አንዱን ከሌላው ያምታታቸዋል። የአሽከርካሪው መመሪያ ቀጭን ነው፤ ዘይት መቼ እንደሚቀየር፣ ግራሶ የት እንደሚገባ፣ አየር ከናፍጣ መስመር እንዴት እንደሚወጣ ይነግርሃል። የጥገና መመሪያው ወፍራም ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈታ፣ ብሎኑ በምን ያህል ጉልበት እንደሚጠብቅ፣ ክፍተቱ ስንት እንደሚሆን ይዟል። የመለዋወጫ ካታሎጉ ደግሞ ብዙም አያወራም፤ ክፍሎቹን በትነህ ጠረጴዛ ላይ የደረደርካቸው አስመስሎ ይስልና ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል። ካታሎጉን ሰዎች ይንቁታል። እኔ ግን ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው እሱን ነው። ፓምፕ ፈትተህ ስትገጥም ጠረጴዛህ ላይ አንዲት ቀለበት ከቀረች የት እንደምትገባ የሚነግርህ ያ ሥዕል ነው። ከአንተ በፊት የፈታው ሰው ሳይመልሳት የቀረችውን ቀለበት የሚያሳይህም እሱ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ትራክተርህን አንብበው። በመሪው ፊት፣ የጌጆቹ ሰሌዳ ላይ የተቸነከረች ትንሽ ታርጋ አለች። በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ጥረግና ቁጥሩን ቅዳ። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ለብቻው ብሎኩ ላይ ተቀርጿል። ማሲ 135 እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ውስጥም፣ አሜሪካ ዲትሮይት ውስጥም ተሠርቷል፤ ከአሜሪካኖቹ መካከል በቤንዚን የሚሠሩ አሉ። የቤንዚኑን መመሪያ ገዝተህ የናፍጣውን ሞተር ብትከፍት ግማሹ መጽሐፍ አይጠቅምህም። የናፍጣው ሞተር ኤዲ 3.152 ይባላል። ሦስቱ የሲሊንደሩ ብዛት ነው፤ 152ቱ የሞተሩ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ነው፤ ወደ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ። ስሙን ብቻ ማንበብ የቻለ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ጓደኞችህ እጅ ይበቃል ሲሉ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ በአንድ ምሳሌ ላሳይህ። ብዙው ትራክተር እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከም የብረት አጽም፣ የለውም። ማሲ 135 ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና የኋላው አካል በብሎን ተያይዘው ራሳቸው ሻንሲ ይሆናሉ። ፍሪሲዮን (ክላች) ለመቀየር ትራክተሩን ከወገቡ ለሁለት መክፈል ግድ ነው። የፊቱ አክስ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ፣ ደግሞ መሃሉ ላይ ባለ ፒን ይወዛወዛል፤ ማሳው ጎርባጣ ሲሆን አንዱ ጎማ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ እንዲል የተሠራ ነው። ከኋላው አካል በለየኸው ቅጽበት ሞተሩን ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚይዘው ነገር የለም። መኪና ላይ ሃያ ዓመት የሠራ ጎበዝ መካኒክም ይህን ላያውቅ ይችላል፤ መኪናው አላስተማረውምና። የጥገና መመሪያው ግን ገና መፍቻ ሳታነሣ በአክሱና በተሸካሚው መካከል በግራም በቀኝም የእንጨት ሽብልቅ ምታ ይልሃል። ይህን ያላነበበ ሰው እግሩን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሃይድሮሊኩም እንደዚሁ ነው። የማሲው ፓምፕ ከመቀመጫው ሥር፣ በኋላው አካል ዘይት ውስጥ ተቀብሯል፤ ካምቢዮውም፣ የኋላ ማርሾቹም፣ ማንሻውም የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ዐሥር ክረምት ሜዳ ላይ ያሳለፈ ትራክተር በማርሽ ዘንጉ በኩል ውሃ ሳይገባው አይቀርም። ከታች ያለውን ብሎን ስትፈታ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ከወጣ፣ ቀጥሎም እንደ ማኪያቶ የነጣ ዘይት ከተከተለ፣ ሞተሩን ለማስነሣት አትቸኩል። በዚያ ዘይት ፓምፑ ከዞረ ገና ሳታየው ታበላሸዋለህ። ናፍጣ የሚረጨውን ፓምፕ ደግሞ በቤትህ ጨርሶ አትክፈተው፤ መፈተሻ ማሽን ወዳለው ባለሙያ ውሰደው።

የናፍጣ ሞተር መሠረታዊ አሠራር ገና ግር የሚልህ ከሆነ ከሞዴሉ መመሪያ ጎን አንድ አጠቃላይ መጽሐፍ ያስፈልግሃል። ጆን ዲር ኩባንያ ለጥገና ተማሪዎች ያሳተማቸው ተከታታይ መጻሕፍት አሉ፤ ሞተር ለብቻው፣ ሃይድሮሊክ ለብቻው፣ ኤሌክትሪክ ለብቻው። የተጻፉት ለአንድ ብራንድ ብቻ አይደለም፤ ሥዕላቸውም ግልጽ ነው። ኮሌጅህ ቤተ መጻሕፍት ወይም ባሕር ዳር ሄደህ ጠይቅ፤ አንብበህ መመለስ ከቻልክ አትግዛ። ቪዲዮም ተመልከት፤ እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያሳይሃል፤ ለአንተ ሞተር የሚሆነውን ልክ ግን መመሪያህ ላይ አረጋግጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው መጽሐፍ ግን አንተ የምትጽፈው ነው። መጽሐፉ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ ጋራዣችን ደግሞ ከጣሊያን የወረሰውን ቃል ይናገራል። መጽሐፉ ሲሊንደር ሄድ ያለው ጋራዥ ውስጥ ቴስታታ ነው፤ ጋስኬት ጓርኒሲዮን፣ ክላች ፍሪሲዮን፣ ቤሪንግ ኩሽኔታ፣ ስታርተር ሞተሪኖ። ብዙ ተማሪ መመሪያውን ከፍቶ የሚዘጋው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሚያውቀውን ዕቃ በማያውቀው ስም ስለሚያገኘው ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዛ፤ ገጹን ለሦስት ክፈል፤ የመጽሐፉን ስም፣ የጋራዡን ስም፣ የካታሎጉን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍ። ልኮቹንም በእጅህ ገልብጥ። ለምሳሌ የዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት ሲቀዘቅዝ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብረቱ ላይ ለክተህ ያገኘኸውን ከነቀኑ ከጎኑ አስፍር። አንተ ያለኸው በዋሸራና በዲማ አገር ነው። መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የቅኔ ተማሪ ትምህርቱን ወይ በቃሉ ይይዛል፣ ወይ በእጁ ይገለብጣል፤ በእጁ የገለበጠው ደግሞ አይጠፋውም።

ቤላሩሱን ለጊዜው ሸፍነህ አስቀምጠው። መጥፎ ትራክተር ስለሆነ አይደለም፤ አሮጌ መመሪያዎቹ በሩስኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ለጀማሪ ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ይሆንብሃል። የማሲው ሞተር ዝርያ ግን በፓኪስታንና በህንድ በፈቃድ ሲመረት ስለቆየ ዕቃው ዛሬም ይገኛል። ቤላሩሱን ስትጀምር በብር ሸለቆና በአየሁ የመንግሥት እርሻዎች የሠሩ ጡረተኛ መካኒኮችን ፈልግ፤ ቡና እያፈላህ ጠይቃቸው፤ ደብተርህንም ይዘህ ሂድ።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርህ፤ 18,000 ብር ሞተር አያድስም። መመሪያዎቹን በኮምፒውተር ፋይል ካገኘሃቸው አሳትመህ አስጠርዝ፤ ልክ ያለባቸውን ገጾች ለብቻ አውጥተህ በፕላስቲክ ሸፍን፤ የቀረውን ፊለር ጌጅ የምንለው ስስ የክፍተት መለኪያና ብሎን የሚጠብቅበትን ጉልበት የሚለካ፣ የሚታመን የቶርክ መፍቻ ግዛበት። ሞተሩን አሁን አትክፈት። መጀመሪያ ፈትሸው፤ የጎደለውን ዕቃ በካታሎግ ቁጥር ዘርዝር፤ ዋጋውን አስጠይቅ። ገንዘቡ እስኪሞላ ደግሞ ሥራ ያዝ። ከቻልክ የትራክተር ዕቃ በሚሸጥ ወይም ግምጃ ቤት ባለው ድርጅት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተቀጠር። በዚያ መስኮት ፊት ስትቆም የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚሰበር፣ የትኛው አስመስሎ እንደተሠራ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ ታውቃለህ። አዲስ አበባን ለመኖሪያ አታስበው፤ ለዕቃ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ደርሰህ ብትመለስ ይበቃሃል።

አባትህን በአክብሮት እቃወማቸዋለሁ። ለወረዳ ቢሮ ሥራ ስንት ተመራቂ እንደሚጠባበቅ እሳቸውም ያያሉ። ልጄ ቢሮ ገባ ለማለት ሲባል የተማርከውን ሙያ በኪሎ ብረት መሸጥ ትክክል አይደለም። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲቋቋም ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መካኒክነት ነበር፤ ያን ጊዜ ለዚህ ሙያ ልጁን የላከ አባት አላፈረም። አባትህ ትራክተሩ ሲነሣ ማየት ይፈልጉ ይሆናል፤ ስለዚህ በንግግር አትሟገታቸው። ዝርዝሩን ከነዋጋው ጽፈህ አሳያቸው፤ አንድ ዓመት ጠይቃቸው። በዓመቱ ማሲው ካልተነሣ ስለ ብረቱ እንደገና ተነጋገሩ።

ከአጎትህ ጋር ያለውን በወረቀት አስፍሩ፤ እኩል መካፈል የሚጀመረው ለዕቃ ያወጣኸው ከተመለሰልህ በኋላ መሆኑ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

የታርጋዋንና የብሎኩን ቁጥር ከቀዳህ በኋላ መልሰህ ጻፍልኝ። ከኋላው አካል ሥር ያለውን ብሎን ስትፈታ መጀመሪያ የወጣው ውሃ ይሁን ዘይት እሱንም ጨምርልኝ፤ የትኛውን የመመሪያ ክፍል አስቀድመህ ማሳተም እንዳለብህ ከዚያ ተነሥቼ እነግርሃለሁ።