ክረምት ላይ ደሴ ለምትመጡ፦ ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጣችሁ ምን ታዩ ምን ታነቡ

ሰላም ወገኖቼ እንዴት ናችሁ። ሐምሌና ነሐሴ የልጆች ትምህርት ሲዘጋ ጠብቃችሁ ወደ ደሴ የምትመጡ ብዙ ናችሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን የምትመጡት በክረምቱ መሃል መሆኑን ቀድማችሁ እወቁት። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ይውላል፣ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ይጀምራል፣ ለዘመድ ጥየቃ የተያዘው ቀን ሁሉ ይሰረዝና ልጆቹ ሰለቸን ማለት ይጀምራሉ። እኔ ውጭ ብዙ ዓመት ኖሬ አሁን እዚሁ ደሴ ነኝ፣ በየክረምቱ የሚመጡትን ዘመዶቼን ሳይ አንጀቴን የሚበላኝ ነገር ሁሉም በየጥጉ ኢርፎን ሰክቶ እዚያው ለንደን ወይ ዋሽንግተን ሆኖ ሊያየው የሚችለውን ሲሪዝ ሲያይ ይውላል፣ እናት ደግሞ ቡና አፍልታ ስንት ዓመት የናፈቀችውን ልጇን እያየች ዝም ብላ ትቀመጣለች። እባካችሁ እንደዚህ አታድርጉ። ከቤቱ ሰው ጋር አብሮ የሚሰማና የሚታይ ነገር ሞልቷል።

መጀመሪያ የምላችሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ነው፣ ስሙን የማያውቅ የለም ግን ዳር ያደረሰው ጥቂት ነው። አማርኛ ማንበብ የከበዳችሁ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ዩቲዩብ ላይ አለላችሁ፣ ሳትመጡ በፊት ዳውንሎድ አድርጉት ምክንያቱም በክረምት ኔቱም መብራቱም አይታመንም፣ ቻርጅ የተደረገ ትንሽ ስፒከርና ፓወር ባንክ ካለ ግን መብራት ሲጠፋ እንዲያውም ይሻላል፣ ቲቪው ሲዘጋ ሁሉም ጋቢውን ደርቦ አንድ ክፍል ይሰበሰባል። እናት አባቶቻችን ይሄንን ትረካ በጊዜው ሰምተውታል፣ ጉዱ ካሳ መናገር ሲጀምር ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ደግሞ ዛሬም ይናደዳሉ። ታሪኩ የጎጃም ነው ግን ባላባትና ጭሰኛን ወሎም በደንብ ያውቃል፣ አንድ ክፍል ሰምታችሁ ስታቆሙ የራሳችሁ ቤተሰብ ታሪክ ሳይጠየቅ መምጣቱ አይቀርም።

ማታ መብራት ካለ ድራማ ነው። አርትስ ቲቪ ላይ የወጣውን እረኛዬን ከመጀመሪያው ጀምሩላቸው፣ የማይቸኩል ስለሆነ ትልልቅ ሰዎች ይወዱታል። መሳቅ ከፈለጋችሁ ምን ልታዘዝ አለ፣ ካፌ ውስጥ የሚሄድ ሲትኮም ነው፣ አገሩ ላይ የነበረውን ነገር በቀልድ እያዋዛ ስለሚያወራ እናንተ ያልነበራችሁባቸውን ዓመታት ትንሽ ያስረዳችኋል። መንዙማ የሚሰማበት ቤት ከሆነ ደግሞ በቃ እሱን ክፈቱላቸው፣ ወሎ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የዝናብ ቀን ድምፅ እኔ አላውቅም።

አሁን የምለውን ግን በደንብ ስሙኝ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴም ኮምቦልቻም በጦርነት ተይዘው ነበር፣ ቤተሰባችሁ ያኔ ያየውን ሁሉ በስልክ አልነገራችሁም። ስለዚህ ተኩስና ፍንዳታ የበዛበት ፊልም ሳሎን ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አትክፈቱ፣ ልጆቻችሁንም በቪዲዮ ጌሙ ጭምር አስጠንቅቁ። ምንም አይሉም፣ እንግዳ ናችሁና ይችሉታል፣ ግን ተነስተው ወደ ጓዳ ሲገቡ ታያላችሁ። የኃይሌ ገሪማን ጤዛ እያንዳንዳችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፣ ጀርመን ተምሮ የመጣ ሐኪም በደርግ ጊዜ አገሩ ገብቶ የሚሆነውን የሚያሳይ የ2008 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው፣ ውጭ የኖረ ሰው እዚያ ውስጥ ራሱን ያገኛል፣ ግን ከባድ ስለሆነ ለብቻችሁ ወይ ከወንድም እህት ጋር ሌሊት እዩት። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይም እንደዚሁ፣ በ1975 ወጥቶ የታገደ መጽሐፍ ነው፣ አማርኛ ለማያነቡ ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል።

ለአቅመ ንባብ የደረሱት ልጆች የመዓዛ መንግሥቴን ዘ ሻዶው ኪንግ ይዘው ይምጡ። በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ የገባ ልብወለድ ነው፣ በጣሊያን ወረራ ስለተዋጉት ሴቶች። እዚህ ሲያነቡት ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ንጉሡ ጦራቸውን ይዘው ደሴ ሰፍረው ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች ይቺኑ ከተማ ኅዳር 1928 ላይ ደብድበዋታል፣ ሆስፒታሉ እንኳን አልተረፈም። ልጁ ያንን ካነበበ በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ይዛችሁት ውጡና ከተማዋን አሳዩት፣ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ አይጠየፍንም አሳዩት። ለትንንሾቹ ፀሐይ መማር ትወዳለች በቂ ነው፣ ቀጭኔዋን ከአንድ ክፍል በኋላ አይለቋትም፣ የአባባ ተስፋዬ የድሮ ተረቶችም አሉ፣ እነሱን እናንተም ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ።

ረጅም ንባብ ለምትፈልጉ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወቴ ታሪክ አለ። ልጅ ሆነው ዓድዋ ዘምተው ከዚያ ሩሲያ ሄደው ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፣ ባዕድ አገር አድጎ መመለስ ምን እንደሆነ ከመቶ ዓመት በፊት የኖሩት ነው።

የመጨረሻው መጽሐፈ ትዝታ ነው። መንግሥቱ ለማ አባቱን አለቃ ለማን ስለ ሕይወታቸው እያስወራ በቴፕ ቀድቶ በ1959 ያሳተመው ነው። እሱን ትንሽ አንብቡና ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣችሁ ሪከርድ ንኩ፣ አባታችሁን የት ተወለድክ ብላችሁ ሳይሆን የመጀመሪያ ጫማህን ከየት ገዛህ፣ ሰኞ ገበያ ያኔ ምን ይሸጥ ነበር ብላችሁ ጠይቁት፣ እንደዚህ ስትጠይቁ ነው ወሬው የሚፈሰው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲጮህ ድምፁ ስለሚዋጥ ስልኩን ወደ አባታችሁ አስጠጉ፣ ማታውኑ ለወንድም እህቶቻችሁ ላኩት፣ ስልክ ይጠፋል።