ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጥቁሩን ባብል ቲ ጠጥቼ ሰገራዬ ጠቆረ፤ ደም ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እሁድ ዕረፍቴ ስለነበር አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ሞል ወስዳ ባብል ቲ የሚሉትን፣ ከሥሩ የሚታኘኩ ትንንሽ ኳሶች ያሉበትን ሻይ ጋበዘችኝ። «ሆድሽን ያጥብልሻል» ብላ ከሰል ያለበትን ጥቁሩን መረጠችልኝ። ሰኞና ማክሰኞ ሰገራዬ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። አሜባ መስሎኝ አንዲት የአገሬ ልጅ የሰጠችኝን ፍላጅል ጀመርኩ፤ ከዚያ ሽንቴም ጠቆረ። ዛሬ ሐሙስ ሰገራዬ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ጨጓራዬ ግን ያቃጥለኛል። ለወገቤ ኢቡፕሮፌን 400 በቀን ሦስቴ መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። አጎቴ ደሴ በጨጓራ መድማት ነው የሞተው። ማዳምን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ማለት ከብዶኛል። ኳሶቹ ፕላስቲክ ናቸው የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የነሳሽ የአጎትሽ ነገር መሆኑ ገብቶኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር፦ ሰኞና ማክሰኞ ያየሽው፣ በጻፍሽልኝ መልኩ፣ የከሰሉ ቀለም ነው የሚመስለው። አክቲቬትድ ቻርኮል የሚሉት ዱቄት አንጀት አይመጠውም፤ እንደገባ ይወጣል። አንድ ብርጭቆ የጠጣ ሰው አንድ ሁለት ቀን ጥቁር ቢያይ የሚጠበቅ ነው።

ኳሶቹ ፕላስቲክ አይደሉም። ከካሳቫ ስታርች ይሠራሉ፤ ወላይታና ጋሞ የሚበላው ካሳቫ ነው። ሆድ እንደ ማንኛውም ስታርች ይፈጨዋል። ለትንንሽ ልጆች ግን አትስጪ፤ በወፍራሙ ስትሮው ተስቦ ትንፋሽ ያንቃል።

አሁን ወደ ደሙ። ይህን ያህል የማስረዝመው ሰዎች በዚህ ሲሳሳቱ ስለማይ ነው። ከጨጓራ የደማ ደም አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ሆኖ አይወጣም፤ በመንገዱ ተፈጭቶ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ግን የጥላሸት አይደለም፣ የሬንጅ ነው። ያብለጨልጫል፣ ይጣበቃል፣ ውኃ ስትለቂበት ሳህኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ ነገር ሊታይም ይችላል። ሽታው ደግሞ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ ጋ ሳልደርስ፣ ከበሩ ላይ በጠረኑ ብቻ ያወቅኩበት ጊዜ አለ። የከሰሉ ደረቅ ጥቁር ነው፣ ሽታውም የተለመደው ነው። የአይረን ክኒን የሚውጡ ሴቶችም ያጠቁራቸዋል፤ የእነሱ ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ሌላም ልብ በይ። ስትነሺ ዓይንሽ ከጨለመ፣ ልብሽ ያለ ሥራ ከደለቀ፣ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ካየሽ፣ የሰገራውን ቀለም መመርመር ትተሽ ያኔውኑ 998 ደውዪ፤ እዚያ የአምቡላንስ ቁጥሩ ነው። ሌሊት ቢሆንም፣ ማዳም ተኝታም ቢሆን። ከሰሉን ከጠጣሽ ሦስት ቀን አልፎ እንደገና ጥቁር ካየሽ ደግሞ በመጠጡ አታመካኚ።

እስካሁን አረጋጋሁሽ። አሁን ልቆጣሽ ነው።

ፍላጅሉን ማን አዘዘልሽ? አሜባ ሰገራ አያጠቁርም። ሽንትሽን ያጠቆረው ራሱ ፍላጅሉ ነው፤ የታወቀ ጠባዩ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ግን በአንድ ፍርሃት ላይ ሌላ ፍርሃት ገዛሽበት። እኛ ሰዎች ሆድ በጮኸ ቁጥር አሜባ ነው ብለን በሻንጣ ፍላጅል ይዘን ባሕር እንሻገራለን! ዛሬውኑ አቁሚው።

ዋናው ጥፋት ግን ባብል ቲውም ፍላጅሉም አይደለም። ሁለት ሳምንት፣ በቀን ሦስቴ ኢቡፕሮፌን፣ ምናልባትም ጠዋት በሻይ ብቻ። ጨጓራን የሚያቆስለው፣ የሚያደማውም እሱ ነው። የሚያቃጥልሽን የከሰል መጠጥ ላይ ስታሳብቢ ኪኒኑ በኪስሽ አለ። ለወገብሽ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። ተልባ መጠጣት ከፈለግሽ ጠጪ፣ አልከለክልሽም፤ ቁስልን ግን አያድንም።

በዚህ ሳምንት መታየት አለብሽ። ሄሞግሎቢንሽ (የደምሽ መጠን) ይለካ፣ የሰገራ ደምና ጨጓራ የሚያቆስለው ባክቴሪያ፣ የኤች ፓይሎሪ፣ ምርመራ ይሠራልሽ። ለኤች ፓይሎሪው ፍላጅል መውሰድሽን ንገሪያቸው፣ ውጤቱን ያሳስታልና። ማዳምን ማስቸገር መስሎሽ አትፈሪ፤ ዱባይ ውስጥ ለቤት ሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ የማስገባት ግዴታ የአሠሪው ነው። ካርድሽን ጠይቂ።

«ያጥብልሻል» ስላለችሽ ጓደኛሽ፦ ሐኪም ቤት ከሰል የምንሰጠው መርዝ ወይም ብዙ ክኒን ውጦ ቶሎ ለደረሰ ሰው ነው፤ ለአዋቂ 50 ግራም ያህል። ከሰሉ መርዝና መድኃኒት አይለይም፣ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። የወሊድ መከላከያም ሆነ ሌላ ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ይኸው መጠጥ ሥራውን ሊያበላሽብሽ ይችላል። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 ምግብ ቤቶች እንዳይጠቀሙበት የከለከለችው ያለ ነገር አይደለም።

ባብል ቲ ከወደድሽ ጨጓራሽ ሲሽር ሐምራዊውን ሞክሪ። ታሮ የሚሉት የኛው ጎደሬ ነው፤ ስኳሩን ግማሽ አድርጉልኝ በያቸው። የተረፈውን ፍላጅል ግን ለሰጠችሽ ልጅ አትመልሺላት፣ ትውጠዋለች። ፋርማሲ አስረክቢው።