በአንድ ወገን ብቻ የሚይዝ መሪ

የ1959 ትራያምፍ ቲአር3 (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ያላቸው አንባቢ የመሪ ሳጥኑን ፈትተው ኩሽኔታና ፓራሊዮ (የዘይት ማገጃ) ከቀየሩ በኋላ ስለገጠማቸው ችግር ጽፈውልኛል። በቀጥታ መንገድ ላይ የነበረውን ልቅነት የማስተካከያውን ብሎን በማጥበቅ አስወግደውታል፤ አሁን ግን መሪው ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ያህል ሲዞር ይይዛል፣ ከቀኝ መታጠፊያም በራሱ አይመለስም። ወደ ግራ ሲዞር አይይዝም፣ ነገር ግን ቶሎ ዳር ይደርሳል። ቀደም ሲል መኪናውን የሠራው መካኒክ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ ጠምሞ ይቆም የነበረውን መሪ ነቅሎ አቅንቶ እንደገጠመውም ጨምረው ነግረውኛል።

ይህን ባይጨምሩ ኖሮ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ኩሽኔታዎቹ ነበር። ኩሽኔታ ቢጠብቅ ግን መሪው በሁለቱም ወገን ይከብዳል። መያዙ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነና ዙሩም ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ፣ ፒትማን አርሙ፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ዘንጎች የሚገፋው ክንድ፣ ከመሪ ሳጥኑ በሚወጣው ጥርሳም ዘንግ ላይ ቢያንስ አንድ ጥርስ ስቶ ተገጥሟል ብዬ እጠረጥራለሁ። እዚያ የተሳተ አንድ ጥርስ መሪው ላይ ሲደርስ ከአሥር እጥፍ በላይ ይባዛል። መሪው ጠምሞ የነበረው ይህንኑ ሲናገር ነበር፤ መካኒኩ አፉን ዘጋው። እንዲህ ያለ ጥገና ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ።

በዚህ ሳጥን ውስጥ፣ በመሪው ዘንግ ጫፍ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ አንድ ሾጣጣ ጉጥ እየተንሸራተተ አርሙ የሚገጠምበትን የጎን ዘንግ ያዞራል። ቦዩ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲጠብቅ ተደርጎ አልተሠራም፤ መሃሉ ላይ ጠበብ፣ ወደ ዳርና ዳር ሲሄድ ደግሞ ቀስ በቀስ ላላ ይላል። ምክንያቱም መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ቦዩ አስቀድሞ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠባብ ቢሆን ኖሮ የመሃሉን ልቅነት ለማጥፋት ብሎኑን ስናጠብቅ ያልተበሉት ዳሮች ይነክሱ ነበር። ስለዚህ ማስተካከያው የሚደረገው ጉጡ በሳጥኑ ትክክለኛ መሃል ላይ ሲሆን ብቻ ነው። እርስዎ ያጠበቁት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ ነው፤ አርሙ ስለሳተ ግን በዚያን ጊዜ ጉጡ ያረፈው ከመሃል ወጣ ባለው ልቅ ቦታ ላይ ነበር፤ እናም መሪው ወደ ቀኝ ዞሮ ጉጡ እውነተኛውን መሃል ሲያልፍ ይነክሳል።

የፊት ጎማዎቹን አንሥተው መኪናውን በመደገፊያ ላይ ያሳርፉ፣ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ዘንጎች ከአርሙ ያላቅቁ፣ አርሙንም በመንቀያ ያውጡ። መዶሻ አይንኩ፤ ምቱ በቀጥታ ጉጡንና ቦዩን ይጎዳል። ከአርሙ ዳዶ (ነት) ሥር ያለው መቆለፊያ ራንዴላ አንዴ ከተፈታ ዳግም አይገጠምም፤ ይጣሉት።

የጎኑን ዘንግ ሲያወጡ የጉጡን ጫፍ በጥፍርዎ ይዳስሱ። በአንድ ጎኑ የሚያብለጨልጭ ጠፍጣፋ ፊት ካለው ይቀየር፤ ርካሽ ጉጥ ግን አይግዙ፣ ብረቱ በደንብ ስለማይጠነክር ብዙ ሳይቆይ ይበላል። ጉጡ ከቦዩ እንደወጣ የመሪውን ዘንግ ኩሽኔታዎች በጫፉ ክዳን ሥር ባሉት ሺሞች (ስስ የብረት ወረቀቶች) ያስተካክሉ፦ ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ የለበትም፣ በጣት ግን በቀላሉ ይዙር። የ0.05 ሚሊሜትር ልዩነት እጅ ላይ ይታወቃል፤ ርካሽ ሺሞች ደግሞ ውፍረታቸው እንደተጻፈባቸው አይደለምና ይለኩዋቸው።

ከዚያ የጎኑን ዘንግ ይመልሱ፣ ብሎኑን ላላ አድርገው መሪውን በቀስታ ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፣ ዙሩን ቆጥረው ግማሹ ላይ ያቁሙና ምልክት ያድርጉ። ብሎኑን እዚያው ያጥብቁ፤ መሪው መሃሉን ሲያልፍ ለስለስ ያለ መያዝ ብቻ ይሰማዎት። አርሙን በአርሙና በዘንጉ ጫፍ ላይ ባሉት መስመሮች አገናኝተው ይግጠሙ። አዲስ ራንዴላ፣ ሙሉ ጥብቀት፣ የታጠፈ መቆለፊያ፤ ይህን እደግመዋለሁ፣ ይህ ዳዶ ከተፈታ መሪው ይዞራል፣ ጎማው ግን አይከተልም።

የውጭ ዘንጎቹን ርዝመት በሁለቱም ወገን እኩል ካደረጉ በኋላ ወደ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ይሂዱ፤ የአላይመንቱ ባለሙያም አንዱን ዘንግ ብቻ እያዞረ እንዳያስተካክል ይንገሩት፣ አለዚያ መሃሉ እንደገና ይሳታል። መሪውን ነቅለው የሚያቀኑት በመጨረሻ ነው። ሳጥኑን በኤስኤኢ 90 የማርሽ ዘይት እንጂ በግሪስ አይሙሉት፤ ግሪስ ጉጡ ከገፋው በኋላ ወደ ቦዩ አይመለስም። ጥቂት እንደነዱ የአርሙን ዳዶ እንደገና በቁልፍ ይፈትሹ።