መልስ፦ አራቱ የሳክራሜንቶ ነጋዴዎች

ወንድሜ፣ በአሜሪካ ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋውን የሴንትራል ፓሲፊክን የባቡር ሐዲድ ያሠሩት ከበርቴዎች ድሮም የባቡር ሰዎች ነበሩ ወይ ላልከው፣ አልነበሩም። አራቱም በካሊፎርኒያ የሳክራሜንቶ ከተማ ነጋዴዎች ነበሩ። ሀንቲንግተንና ሆፕኪንስ አንድ ሱቅ ውስጥ የብረታ ብረት ዕቃ ይሸጡ ነበር። ስታንፎርድ ሸቀጥ፣ ክሮከር ጨርቃ ጨርቅ።

መስመሩን ያጠናው መሐንዲሱ ቴዎዶር ጁዳ ነው። እሱ ግን ሥራው እንደተጀመረ፣ በ1863 እ.ኤ.አ. በቢጫ ወባ ሞተ። ገንዘቡም ከነጋዴዎቹ ኪስ ብቻ አልወጣም። መንግሥት ለአንድ ማይል በሜዳ 16,000፣ በተራራ 48,000 ዶላር በቦንድ (በመንግሥት የብድር ሰነድ) ያበድር ነበር።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ሐዲዱን የሠሩት የቻይናውያኑ ሠራተኞች ነገር ነው። የሴራ ኔቫዳ ተራሮችን አለት በመዶሻና በመሮ እየበሱ፣ ባሩድ እየጠቀጠቁ ነው ዋሻ ያወጡት። በ1867 እ.ኤ.አ. ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ አቆሙ። ክሮከር ስንቃቸውን አቋረጠባቸው። በሳምንት ውስጥ ወደ ዋሻው ተመለሱ።