ቡቺ ጓሳ አይሄድም

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጥር ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር መንዝ ጓሳ ሄደን አንድ ሌሊት ልናድር አስበናል። ውሻዬን ቡቺን ብወስደው ችግር አለው? የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል፣ ሰውም አይናከስም። ደግሞ ለጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ዳቦ ከያዛችሁ ቀርበው ፎቶ ይነሳሉ አሉን። እውነት ነው?
ዮ. ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ቡቺን ለጎረቤት አደራ ስጠው ወንድሜ። ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ፣ ግን ነገሩ የመናከስ ጉዳይ አይደለም። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ ነው፣ ያለውም እዚሁ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። እሱን በጅምላ የሚጨርሰው ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ በ1995 መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን እጅ ገደማ ፈጅቷል። ቡቺ ተከትቧል ትለኛለህ፤ ለአንዱ በሽታ አዎ፣ ግን ዲስቴምፐር የሚባል ሌላም አለ፣ እሱም ቀበሮዎቹን ገድሏል። ደግሞ ክትባቱ ከማሯሯጥ አያግደውም።

ዳቦውንም ተወው። ይሄን የምለው በራሴ ደርሶ ነው። አንድ ጊዜ ግማሽ አምባሻ በፌስታል ይዤ ሣሩ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ አንዱ ወንድ ጭላዳ መጥቶ ላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ያን ሁሉ ጥርስ አሳየኝና ፌስታሉን ከነአምባሻው መንጭቆ ሄደ፤ ጓደኞቼ ዛሬም ይስቁብኛል። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ነው። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ሰው ላይ መዝለል ይጀምራል፣ ከዚያም ወርዶ የገበሬ ማሳ ይገባል፣ ዱላውን የሚቀምሰው እሱ ነው። ዝም ብለህ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፤ እየጋጠ ራሱ ይጠጋሃል።

እድለኛ ከሆንክ ደግሞ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሀል ቀስ እያለ አይጥ ሲያድን ታያለህ። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በመንጋው መሀል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ቡቺ አንዴ ቢጮህ ይሄ ሁሉ ይበተናል።

በነገራችን ላይ ጓሳ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ራሱ ሲጠብቀው የኖረ ነው። የድሮው ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ዛሬም የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። ሣሩ ለሰው የቤት ክዳንና ገመድ ነው። ስለዚህ እሳት የሚነደው ጥበቃዎቹ ባሳዩህ ቦታ ብቻ ነው። የጥር ሣር ደረቅ ነው፣ አንዲት የሲጋራ ቁራጭ ትበቃዋለች።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሰሞኑን ከተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ። ጣርማበር ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ አትቸኩሉ፣ ቆማችሁ ሻይ ጠጡ።

ጥያቄ፦ እኔ የሸዋሮቢት ልጅ ነኝ። አምና ጓሳ ወጥቼ ራሴን ፈለጠኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በሽታ ይሆን?
ሰ.

መልስ፦ ከፍታው ሳይሆን አይቀርም። ሸዋሮቢት ቆላ ነው፣ ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ። በአንድ ቀን ከ1900 ሜትር በላይ ወጥተሻል ማለት ነው፣ ማንንም ይፈልጣል። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት እደሪ፣ ውሃ ጠጪ፣ አረቄውን ለመልስ ጉዞ አቆዪው። ራስ ምታቱ ማስመለስ ከጨመረበት ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ሲነጋ እሄዳለሁ ሳትዪ ወዲያው ወደ ታች ውረጂ። ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ነው። ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ ከመንዝ ሰው ባና ተዋሺ።