ፎቶ የመሰለው ሁሉ አንደኛ ይውጣ እንዴ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስዕል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሀበሻ ልጆችን ስዕል አስተምራለሁ። በሚቀጥለው ወር የአካባቢያችን ሰዎች ያዘጋጁት የፓስቴል ውድድር አለ፣ ከሶስቱ ዳኞች አንዷ ሁኚ ሲሉኝ እሺ አልኩ፣ አሁን ግን ጭንቅ ይዞኛል። ከገቡት አንዱ የአንዲት እናት ፖርትሬት ነው፣ ቁርጥ ፎቶ፣ የነጠላዋ ጥለት ክሩ ይቆጠራል፣ ያየው ሁሉ አንደኛው ይሄ ነው ይላል። ሌላው ዝናብ የዘነበበት መንገድ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ጭረቱ ሁሉ ይታያል፣ እኔ ግን አይኔን ከሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። አንደኛው ዳኛ ደሞ "ያልተጨረሰ ስዕል ነው" አለኝ። በምን ልዳኝ? ሁለት ተማሪዎቼም ተወዳድረዋል።

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ የተማሪዎችሽን ነገር ልጨርሰው፣ እሱ አጭር ነው። ዛሬውኑ ለአዘጋጆቹ ንገሪያቸው፣ የነሱ ስዕል ሲቀርብ ነጥብ አትስጪ፣ ክርክሩ ውስጥም አትግቢ። ስማቸው ቢሸፈንም አንቺ እጃቸውን ታውቂዋለሽ፣ ልጆቹም ቢያሸንፉ ማንም በመምህራቸው ነው እንዳይላቸው።

ወደ ዋናው ስመጣ፣ እኔ ፎቶ መምሰል ብቻውን ያሸልማል ብዬ አላምንም፣ ሻካራ መሆንም ብቻውን አያሸልምም። ግን "ያልተጨረሰ" የሚለው ቃል ፓስቴል ላይ ሲነገር ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ፓስቴል እኮ በትንሽ ሙጫ ተለውሶ የደረቀ የቀለም ዱቄት ነው፣ ዘይት የለውም፣ ቫርኒሽ አይቀባም፣ ዱቄቱ የወረቀቱን ሸካራነት ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ከየቅንጣቱ ይበተናል፣ ያ ነው ከለሩን ከውስጥ የበራ የሚያስመስለው። በጣት ደጋግመሽ ስታሺው ዱቄቱ ቀዳዳውን ሁሉ ይሞላና ከለሩ ይደክማል። ስለዚህ ሳይሻሽ የቀረ ጭረት ብዙ ጊዜ ስንፍና ሳይሆን ሰዓሊው አውቆ የተወው ነው።

ሻርደንን እዪው። ዕድሜውን በዘይት ቀለም የኖረ ፈረንሳዊ ነው፣ ካረጀ በኋላ አይኑ ሲታመምበት ወደ ፓስቴል ዞረ፣ መነጽር አድርጎ የሳለው የራሱ ምስል እ.ኤ.አ. በ1771 ፓሪስ ለህዝብ ታየ። ፊቱን ተጠግተሽ ብታዪው ጭረት በጭረት ነው፣ ከለር ከከለር አጠገብ እንደተቀመጠ ነው፣ ትንሽ ወደኋላ ስትዪ የሽማግሌ ቆዳ ይሆናል፣ ይሄን ያልተጨረሰ የሚለው ማነው? በሌላ በኩል የስዊሱ ሊዮታር ጭረት የሚታይበት ስዕል ጭራሽ አይወድም ነበር፣ በ1781 ባሳተመው መጽሐፍም ይሄንኑ ተከራክሯል። ጀርመን ድሬስደን ያለችው፣ ቸኮሌት ይዛ የምትሄደዋ አሳላፊ የሱ ስራ ናት፣ እንደ ሐር የለሰለሰች፣ ትሪው ላይ የውሃ ብርጭቆ አለ ብርሃኑ ውስጡ ይታያል። ግን ልብ በዪ፣ ልጅቷን ያቆማት ባዶ ግድግዳ ፊት ነው፣ ወንበር የለ መጋረጃ የለ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶልሻል። ለስላሳም ሆኖ ምን ላሳይ ምን ልተው ብሎ የወሰነ ሰው ስዕል ነው።

እና ያቺን የእናትየዋን ፖርትሬት በዚሁ ነው የምትጠይቂያት። አገጯ ስር ያለው ጥላ ምንድነው፣ ዝም ብሎ ጥቁር ነው ወይስ ውስጡ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ከነጠላው ተመልሶ የመጣ ብርሃን አለበት? ካሜራ ጥላን አጥቁሮ ይገድለዋል፣ ሰውን ፊት ለፊት ያየ ሰዓሊ ግን ጥላ ውስጥም ከለር ያገኛል። ጠርዙስ? ጥለቱም ጆሮዋም ከኋላዋ ያለው በርም እኩል ስል ከሆነ ሰዓሊው የቱን እዪልኝ እንዳለሽ አልወሰነም ማለት ነው፣ ክሩ ቢቆጠር ትጋት ነው አከብረዋለሁ፣ ግን ትጋትና ስዕል ይለያያሉ። ደሞ እዚህ ጋ ፍርድ እንዳታዳዪ፣ ፖርትሬቱ ይሄን ሁሉ ካለፈ አንደኛነቱ ይገባዋል፣ የዝናቡም መንገድ ካላለፈ ይውደቅ።

የዝናቡንም እንዲሁ ፈትኚው። ከ3 ከ4 ሜትር ቆመሽ አይንሽን ጨፈን አድርጊ፣ ብርሃኑና ጥቁሩ በደንብ ተለይተው መንገዱ መንገድ ሆኖ ከታየሽ አጥንት አለው። ካልሆነ በስልክሽ አንስተሽ ብላክ ኤንድ ዋይት አድርጊው፣ ሁሉም እኩል ግራጫ ከሆነ ያ ያማረሽ ከለሩ ብቻ ነው። ከዛ ተጠግተሽ ወረቀቱን እዪ፣ አንዳንዱ ቦታ ዱቄቱ ከመጠን በላይ ተከምሮ አልይዝ ብሎ እየረገፈ ይሆናል፣ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ኤድጋር ደጋም ይሄን ያውቅ ነበር፣ ስር ያለውን ከለር በፊክሳቲቭ (ዱቄቱን የሚያጣብቅ ፈሳሽ ነው) አስሮ ነው ሌላ የሚደርብበት፣ የታችኛው በላይኛው መሀል እንዲወጣ።

ስለ ነጥብ አሰጣጡም አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ስዕል የሚወድቀው እዛ ላይ ነው። ሶስታችሁም ከ10 ሰጥታችሁ ብትደምሩ፣ አንዱ ስዕል 7፣ 7፣ 7 አግኝቶ 21 ይሆናል፣ ሌላው 10፣ 9፣ 1 አግኝቶ 20፣ በቃ ማንም ያልጠላው ማንም ግን ያላበደለት ስዕል ዋንጫውን ወሰደ። ነጥቡ ለማጣሪያ ይሁን፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ስድስት ስዕሎች ፊት ግን ቆማችሁ ተነጋገሩ፣ ያ 1 የሰጠው ሰው ለምን እንደሰጠ በአፉ ይናገር። አሸናፊውም ለምን እንዳሸነፈ አንድ ሁለት መስመር ጻፉለት፣ ለተሸነፉትም ትምህርት የሚሆነው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ደሞ ያለ ወረቀት ያለ እስክሪብቶ ሁሉንም ዞረሽ ጨርሺው፣ ጮክ ያለው ስዕል መጀመሪያ ይጠራሻል፣ ዝም ያለው ግን ሁለተኛ ስትመለሺ ነው የሚናገረው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። ውጭ ሀገር ለሚካሄድ የፓስቴል ውድድር በኢንተርኔት ላኩ፣ ማጣሪያውን አላለፍኩም። ግማሹን በኦይል ፓስቴል ነበር የሰራሁት፣ ምስሉን ያገኘሁት ፒንተረስት ላይ ነው። ዳኞቹ አፍሪካዊ መሆኔን አይተው ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ የልብህ ይገባኛል፣ ግን ብዙ ውድድር ላይ የማጣሪያ ዳኞች ስም አያዩም፣ የሚያዩት ስዕሉንና መጠኑን ነው። አንተ እንደነገርከኝ ከሆነ ሁለት የሚጥል ነገር አለ። አንደኛ፣ እንደ አሜሪካ የፓስቴል ማህበር (ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሰረተው) ያሉ ማህበራት ፓስቴል ሲሉ ደረቁን ለስላሳውን ማለታቸው ነው፣ ኦይል ፓስቴል በሰምና በዘይት የተያዘ ሌላ ነገር ነው፣ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የመጣ፣ ጥሩ ማቴሪያል ነው እኔም እወደዋለሁ ግን ደንቡን ሳታነብ እንዳትቀላቅል። ሁለተኛ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ገልብጦ መላክ በአብዛኛው ክልክል ነው፣ ዳኛው ፎቶውን ካወቀው ስዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ይወጣል። መርካቶ ሂድና የራስህን አንሳ፣ ወይ ቁጭ ብለህ ከአይንህ ሳል፣ ያንተን ሰፈር የበጋ ከሰዓት ብርሃን እዛ ያለ ዳኛ ከሌላ ከማንም አያገኘውም። ስትልክ ደሞ ስዕሉን ፍሬም ሳታደርግ ቀን ላይ ጥላ ቦታ አንሳው፣ ቢጫ አምፖል ስር የተነሳ ፓስቴል ሰማያዊው ሁሉ ይሞትበታል፣ ዳኛው ደሞ ስክሪን ላይ አንዷን ስዕል የሚያያት ለጥቂት ሰከንድ ነው።

ጥያቄ፦ ኤግዚቢሽን ላይ ለዳኛ የሚቀርብ ፓስቴል መስታወት ይደረግበት ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ይደረግበት፣ ያለ መስታወት አንድ ሰው በክንዱ ቢነካው አለቀ። ግን መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በመሀል ክፍተት ይተውለት፣ የሚያጉረመርም ፍሬም ሰሪ ካለ ቁመህ አሰራው። በመስታወት ፈንታ የሚደረገውን ፕላስቲክ አትጠቀም፣ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ዱቄቱን ወደራሱ ይስበዋል። የረገፈ ዱቄት ካለም በአፍህ እፍ አትበለው ትተነፍሰዋለህ፣ ቦርዱን አቁመህ ከኋላ መታ መታ አድርገው ይወርዳል።