ሙያችሁ ብቻ መጽሐፍ አይምረጥላችሁ

ውድ ወጣቶች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ፕሮግራም በመጻፍ ነው የኖርኩት። መደርደሪያዬ ላይ ግን የኮምፒውተር መጻሕፍት የያዙት አንድ ሦስተኛውን ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ሦስተኛ ነገረ መለኮት ነው። የቀረው ድራጎንና ጠንቋይ የሞላበት ፋንታሲ ልብ ወለድ። አዲስ የሥራ ባልደረባ ቤቴ ሲመጣ እዚያ መደርደሪያ ፊት ይቆምና "እነዚህን ሁሉ የሚያነበው አንድ ሰው ነው?" ይለኛል። አዎ፣ አንድ ሰው ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ሦስቱን ለየብቻ ቆልፌ ነበር የማስቀምጣቸው። ቢሮ ውስጥ የሃይማኖት መጽሐፍ አላነሳም። ከመንፈሳዊ ወዳጆቼ ጋር ስሆን ደግሞ ፋንታሲ አንባቢነቴን እደብቃለሁ። አንድ አለቃዬ በምሳ ሰዓት ልብ ወለድ ሳነብ አየኝና "ለዚህ የምታጠፋውን ጊዜ ለሙያህ ብታውለው የት በደረስክ" አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ሁለት ዓመት ያህል ከቴክኒክ መጽሐፍ ሌላ ምንም አልነካሁም። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ነገር አውቄያለሁ፤ አልክድም። አነባበቤ ግን እየደኸየ ሄደ። ሁሉንም ገጽ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ዓይን፣ "የምፈልገው መልስ የታለ?" እያልኩ ብቻ ነበር የማየው።

ከዚያ ያወጣኝ አንድ ስህተት ነው። የጻፍኩት ፕሮግራም የወር ሪፖርት ያወጣል፤ ድምሩ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ ወረቀት ላይ አተምኩት። ጣቴን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያስኬድኩ፣ ድምፄን አውጥቼ አነብ ጀመር። ልጅ ሳለሁ ቅዱስ መጽሐፍ ማንበብ የለመድኩት እንደዚያ ነበር። ጣቴ "ቀኑ ከመጨረሻው ቀን እስካነሰ ድረስ ቀጥል" የሚል ትርጉም ያለው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። እስካነሰ ብቻ? "እስካነሰ ወይም እኩል እስከሆነ" መባል ነበረበት። የወሩ የመጨረሻ ቀን በየወሩ ሳይቆጠር ይቀር ነበር ማለት ነው። ሁለት ቀን የፈጀብኝን ነገር ያገኘሁት በዝግታ በማንበብ ነው። ዝግታን ያስተማረኝ ደግሞ የኮምፒውተር መጽሐፍ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ የአባ ሮቤርቶ ቡሳን ታሪክ ሳነብ ያቺ ማታ ትዝ አለችኝ። ጀስዊት ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆኑ ጣሊያናዊ ቄስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለዶክትሬት ያጠኑት የመካከለኛው ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ስለ "መገኘት" የጻፈውን ነበር፤ ማለትም አንድ ነገር በሌላው ዘንድ አለ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ። መጀመሪያ "መገኘት" የሚለውን የላቲን ቃል እየተከተሉ ሄዱ። ብዙም አላገኙም። ቁልፉ ያለው "ኢን" በምትባል ሚጢጢ መስተዋድድ ላይ ነበር፤ እኛ "በ" ወይም "ውስጥ" የምንላት ናት። እሷን ለመከታተል 10,000 ካርድ በእጃቸው ጻፉ። በዚህ ዓይነት የአኩዊናስን ሥራ ሁሉ መልቀም እንደማይቻል ሲገባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የማሽን አምራቹን ኩባንያ የአይቢኤምን መሪ ቶማስ ዋትሰንን አግኝተው ማሽን እንዲረዳቸው ጠየቁ። የአኩዊናስን ቃላት የሚዘረዝረው ሥራ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ፤ 56 ጥራዝ ሆኖ ታተመ። በኮምፒውተር ጽሑፍን መመርመር ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። መነሻው አንድ ቄስ አንዲት ትንሽ ቃልን ችላ ብለው አለማለፋቸው ነው። ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

አኩዊናስን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሱ የወሰድኩትንና በየሳምንቱ የምሠራበትን ነገር ልንገራችሁ። በዋናው ሥራው አንድ ጥያቄ ሲያነሳ በቀጥታ የራሱን መልስ አይሰጥም። መጀመሪያ የተቃራኒ ወገን መከራከሪያዎችን አንድ በአንድ ይደረድራል። ከዚያ የራሱን ይናገራል። በመጨረሻ ወደ እያንዳንዱ መከራከሪያ ተመልሶ ይመልሳል። እኔም ስለ አንድ ሲስተም አሠራር ሐሳብ ሳቀርብ እንደዚያው አደርጋለሁ። የማልስማማበትን ሐሳብ ባለቤቱ ራሱ "በትክክል ብለኸዋል" እስኪለኝ ድረስ እጽፈዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ተሸንፌ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

ፋንታሲን "የልጅ ተረት ነው" የሚሏችሁ ሰዎች አይጠፉም። ከመንፈሳዊ ወዳጆቼም አንዱ "ልብህን ያበላሸዋል" ብሎኝ ነበር። ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነው። የፋንታሲ ደራሲው ቶልኪን የኦክስፎርድ የቋንቋ መምህርና አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ተረት ከሰጠው ንግግር በተነሳው ድርሰቱ ያነሳት አንዲት ምሳሌ አለች፤ አረንጓዴ ፀሐይ። "አረንጓዴ ፀሐይ" ማለት ለማንም ቀላል ነው። አረንጓዴ ፀሐይ የምትታመንበትን ዓለም መሥራት ግን ልፋትና ጥበብ ይጠይቃል። እሱ ራሱ ለፍቶበታል። በታሪኩ ውስጥ የጨረቃዋ መጠንና የጉዞው ቀናት እንዲገጥሙለት እየተመለሰ ያርም ነበር። እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎችም ዓለም ነው የምንሠራው። አንድ ገጽ ላይ "ሰርዝ" ሲሉት የሚጠፋ ነገር፣ ሌላ ገጽ ላይ ተመልሶ ከመጣ ተጠቃሚው በዚያ ዓለም ማመን ያቆማል። ይህን ማንም ሥልጠና ላይ አላስተማረኝም። ከጥሩ ፋንታሲ ነው የተማርኩት፤ ከመጥፎውም ጭምር።

ስለ ስም ደግሞ። የፋንታሲ ደራሲዋ ኧርሱላ ለግዊን በፈጠረችው ዓለም ውስጥ የአንድን ነገር እውነተኛ ስም የማያውቅ ጠንቋይ በነገሩ ላይ ሥልጣን የለውም። ተማሪው ግንብ ውስጥ ተቀምጦ ስም ብቻ ሲያጠና ይከርማል። ያን ክፍል አንብቤ በማግስቱ ሥራ ገባሁና ኮዴን ከፈትኩት። "ጊዜያዊ1"፣ "ጊዜያዊ2"፣ "ዳታ3"። ግማሾቹ ምን እንደያዙ እኔው የጻፍኩት ሰውዬ አላውቅም ነበር። ያን ሳምንት ስም ስቀይር ነው የዋልኩት። ስም ያጣሁለት ነገር ሲገጥመኝ፣ ገና ያልገባኝ ነገር እንደሆነም ያኔ ገባኝ።

መንገዱ በሌላው አቅጣጫም ይሠራል። የኮምፒውተር ሊቁ ዶናልድ ክኑት በአልጎሪዝም፣ ማለትም ኮምፒውተር ሥራን ደረጃ በደረጃ በሚፈጽምባቸው ስልቶች ላይ የጻፉትን ብዙዎቻችሁ ቢያንስ በስም ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያው ጥራዝ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እኚሁ ሰው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ለማጥናት የተጠቀሙበት ዘዴ ናሙና መውሰድ ነበር። ከየመጽሐፉ ምዕራፍ 3 ቁጥር 16ን ብቻ ይወስዳሉ። ከዚያ ስለዚያች አንዲት ቁጥር ሊቃውንት የጻፉትን እየፈለጉ ያነባሉ። እኔም በሚያስፈራ ወፍራም መጽሐፍ ላይ ሞክሬዋለሁ። ከየምዕራፉ አንድ ገጽ ሳልመርጥ አወጣሁና እስኪገባኝ ቆፈርኩት። መጽሐፉን ጨርሻለሁ አልልም። ከዚያ በኋላ ግን አልፈራሁትም።

ጊዜ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም አልነበረኝም። ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ ነበር ያለኝ፤ ያነበብኩት ሁሉ በሷ ነው የተከማቸው። አንድ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መጽሐፍ ቶሎ ያረጃል፤ ሥራችሁ የሚጠይቀውን ያህል አንብባችሁ ተዉት። ልብ ወለድ እስከ ገጽ ሃምሳ ካልያዛችሁ ያለ ጸጸት ዝጉት። ነገረ መለኮትን ግን ስላልተስማማችሁ ብቻ አትዝጉ፤ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ በራሳችሁ ቃል መናገር እስክትችሉ ታገሡት። ባታምኑም እንኳ። ሰው በትልልቅ ጥያቄዎች ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጨነቅ እንዴት እንዳሰበ ማየት በራሱ ይጠቅማችኋል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ከዚያ መደርደሪያ አንድ ፋንታሲ ተዋሰችኝ። ከዚያ በፊት ልብ ወለድ አንብባ እንደማታውቅ ነግራኝ ነበር። ሥራዋ የሌሎችን ኮድ መገምገም ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሰችልኝ። ገልበጥ ገልበጥ ሳደርገው መጨረሻው አካባቢ በቀጭን እርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። "ይሄ ምዕራፍ ሁለት ላይ ከተባለው ሕግ ጋር ይጋጫል።" ተመልሼ ምዕራፍ ሁለትን አነበብኩት። ልክ ነበረች። እኔ ያን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አላየሁትም። እርሳሱን አላጠፋሁትም። ሌላ መጽሐፍ ሰጥቻታለሁ፤ አሁን እሷ ጋ ነው።